የመንግሥት ጆሮና የዜጋ ምሥጢር

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት መንግሥት የአገርን ደህንነት ለመጠበቅ በሰዎች ላይ የሚያደርገው ክትትል ከዜጎች የግል ሕይወት መብት ጋር እንዴት ሊጣጣም እንደሚችል የሚመረምር ሲሆን፣ ጉዳዩ በአብዛኛው ከሮቤ፣ ከጎባና ከባሌ ደጋ ወረዳዎች አንጻር ይታያል። ባሌ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የገበሬ አመፅን፣ የጎረቤት አገር ወረራን፣ የመንደር ምሥረታን፣ የተቃውሞ ሰልፍንና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን ያየ አካባቢ በመሆኑ፣ መንግሥት ስለ ነዋሪዎቹ ምን ያህል ማወቅ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ እዚህ በመማሪያ ክፍል ብቻ የሚነሳ ጥያቄ አይደለም።

አስቀድሞ የቃላቱን ትርጉም መለየት ያስፈልጋል። ክትትል ሲባል የአንድን ሰው እንቅስቃሴ፣ ግንኙነት ወይም ንግግር ሆን ብሎ መመልከት፣ ማዳመጥ ወይም መመዝገብ ማለት ነው። ጠለፋ የክትትል አንዱ ዓይነት ሆኖ፣ ሁለት ሰዎች በስልክ፣ በደብዳቤ ወይም በኢንተርኔት የሚለዋወጡትን መልእክት ሦስተኛ ወገን ሳያውቁት መካከል ገብቶ መውሰድ ነው። የግል ሕይወት መብት ደግሞ ሰው በቤቱ፣ በአካሉ፣ በንብረቱና በሚጻጻፈው ነገር ላይ ሌላው ያለ ፈቃዱ እንዳይገባበት የሚጠብቅ መብት ነው። ብዙ ጊዜ እንደሚታሰበው ይህ መብት ጥፋት ያለበት ሰው መደበቂያ አይደለም፤ ለሐኪሙ ሕመሙን የሚናገር፣ ለጠበቃው ጉዳዩን የሚያስረዳ፣ ለንስሐ አባቱ ኃጢአቱን የሚገልጥ ወይም ለሼኹ ጭንቀቱን የሚያዋይ ሰው ሁሉ በየዕለቱ የሚጠቀምበት መብት ነው።

ይህ ጥበቃ በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ የቆየ ነው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንኳ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን ለማጽናት የተጻፈ ሰነድ ሆኖ ሳለ፣ ሕግ ከፈቀደው ውጭ የሰው ቤት እንዳይበረበርና የደብዳቤ ምሥጢር እንዳይደፈር ደንግጎ ነበር። በ1948 ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት የደብዳቤ ምርመራን የፈቀደው በታወጀ የአስቸኳይ ጊዜ ብቻ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 መብቱን አስፍቶ፣ መኖሪያ ቤትን፣ ሰውነትንና ንብረትን ከሕገ ወጥ ብርበራ ከመጠበቅ አልፎ በፖስታ፣ በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶች እንዳይደፈሩ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው ዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 17 ተመሳሳይ ጥበቃ ይሰጣል።

ነገር ግን አንቀጽ 26 በሩን ፈጽሞ አልዘጋውም። መብቱ ሊገደብ የሚችለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠር፣ ብሔራዊ ደህንነትን፣ የሕዝብን ሰላም፣ ጤናን፣ የሕዝብን ሥነ ምግባር ወይም የሌሎችን መብት ለመጠበቅ አለዚያም ወንጀልን ለመከላከል በወጣ ዝርዝር ሕግ መሠረት ብቻ እንደሆነ ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ ይናገራል። እዚህ ላይ ትልቁን ክብደት የሚሸከሙት አስገዳጅ ሁኔታና ዝርዝር ሕግ የሚሉት ሁለት መስፈርቶች ናቸው። አንድ ባለሥልጣን ደህንነት የሚለውን ቃል ስለጠራ ብቻ የሰው ስልክ አይጠለፍም፤ የተለየ ችግር መኖሩን ማሳየትና ያንን ድርጊት በግልጽ የሚፈቅድ ሕግ መጥቀስ ይኖርበታል። ጽሑፉ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ታዲያ ችግሩ ከየት ይመጣል? መልሱን ለማግኘት ወደ ባሌ መሄድ ይገባል።

ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በባሌ የተካሄደውና ዋቆ ጉቱ ከመሪዎቹ ዋነኛ ሆነው የሚታወቁበት የገበሬዎች አመፅ በመሬት ቅየሳ፣ በግብርና በአስተዳደር በደል የተቀሰቀሰ ሲሆን፣ አማፅያኑ ከሶማሊያ የጦር መሣሪያ ያገኙ ስለነበር ነገሩ ወዲያው የብሔራዊ ደህንነት ጉዳይ ሆነ። በዚያ ዘመን በቆላው ገጠር ስልክ የሚባል ነገር ስላልነበረ የሚጠለፍ መስመርም አልነበረም። መንግሥት የሚያየው በባላባቱና በጭቃ ሹሙ ዓይን ነበር። ማን ለሸፈተ ወንድሙ እህል ሰጠ፣ ማን አሳደረ፣ የማን ልጅ ከቤት ጠፋ የሚለው መረጃ ከአፍ ወደ አፍ ይሄድ ነበር፤ ወሬው በቂም ይሁን በእውነት የተነገረ መሆኑን የሚያጣራ ዳኛ ግን በመካከል አልነበረም።

ደርግ ሲመጣ ይህ አሠራር በሥርዓት ተደራጀ። ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ ጦርነት ቀጥሎ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባሌ በአገሪቱ ሰፊ የመንደር ምሥረታ ከተካሄደባቸው አካባቢዎች ቀዳሚው ሆነ። ተበታትነው ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች ቤታቸውን እያፈረሱ በመስመር ወደ ተዘጋጁ መንደሮች እንዲገቡ የተደረገው ትምህርት ቤትና ውኃ ለማድረስ ነው ቢባልም፣ ከዓላማዎቹ አንዱ ግልጽ ነበር፤ የሽምቅ ተዋጊ ስንቅና መጠለያ የሚያገኝበትን ተነጥሎ የቆመ ጎጆ ማሳጣትና የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው መቁጠር ነው። ገበሬው ከማሳው፣ ከብቱም ከግጦሹ ራቀ። በባሌ የተሞከረው አሠራር ቆይቶ ለሐረርጌና በኋላም ለአገር አቀፉ ዘመቻ ምሳሌ ሆነ፤ መንግሥት በ1982 የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ባወጀ ጊዜ ግን በብዙ ቦታ ገበሬዎች መንደሮቹን እየጣሉ ወደ ቀድሞ ቀያቸው ተመለሱ። ይህን ታሪክ በክትትል ርዕስ ሥር ማንሳት ለአንዳንድ አድማጭ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል። ሆኖም ሰዎችን በቀላሉ በሚታዩበት መንገድ ማስፈርም ክትትል ነው፤ እንዲያውም ከስልክ ጠለፋ ይልቅ ብዙ ሕይወት የለወጠ ክትትል ነው።

በከተሞቹ በሮቤና በጎባ ደግሞ በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የተቋቋመው ቀበሌ ቤተሰብን መመዝገብ፣ መታወቂያ መስጠትና የእንግዳን መምጣትና መሄድ ማወቅ ሥራው ሆነ። ከ1983 በኋላ ሥርዓቱ ቢለወጥም ልማዱ አልጠፋም። በኦሮሚያ ጎጥና ጋሬ የሚባሉት ከቀበሌ በታች ያሉ የነዋሪ አደረጃጀቶች የተዘረጉት ለልማት ሥራ እንደሆነ ይነገር ነበር፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት በ1997 ባወጣው ዘገባ ግን የጋሬ መሪዎች ጎረቤቶቻቸው ምን እንደሚናገሩና ማን እንደሚጎበኛቸው ለበላይ እንዲያቀርቡ ይጠበቅባቸው እንደነበር ገልጿል። ቆይቶ የመጣውና አምስት ነዋሪን በአንድ መሪ ሥር የሚያቧድነው አንድ ለአምስት የተባለው አደረጃጀትም በገበሬው ዘንድ ያተረፈው ስም ከዚህ እምብዛም አይለይም። ማዳበሪያና የምግብ እርዳታ የሚያድለው እጅ ወሬ የሚሰበስበውም እጅ ከሆነ፣ ገበሬው አልናገርም ማለት የሚችልበት ነፃነት ይጠብበታል።

ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ለክትትል የወጡት ሕጎች በአመዛኙ የሚናገሩት ስለ መሣሪያ ነው፤ ስለ ስልክ፣ ስለ ኮምፒዩተር፣ ስለ ካሜራ። በባሌ ደጋ የሚኖር ሰው ግን ከሁሉ በፊት የሚያገኘው የሰው ዓይን ነው፤ የጎጥ ተጠሪው፣ በኬላ ላይ መታወቂያ የሚጠይቀው ሚሊሻ፣ የአልጋ ቤት መዝገብ ላይ ስም የሚጽፈው እንግዳ ተቀባይ። ይህ ዓይነቱ ክትትል በፍርድ ቤት በኩል አያልፍም፣ የጊዜ ገደብ የለውም፣ የተሰበሰበው መረጃ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚወገድም የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ደህንነትንና የግል ሕይወትን ለማመጣጠን የሚደረግ ክርክር ሁሉ አዲስ አበባ ካለው የመረጃ ማዕከል ብቻ ቢጀምር የጉዳዩን ግማሽ ያጣል።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ አሁን ደግሞ ወደ መሣሪያው እንለፍ። ሞባይል ስልክ የያዘ ሰው ሁለት ዓይነት መረጃ ያመነጫል። አንደኛው የንግግሩ ይዘት ነው። ሁለተኛው የጥሪ ዝርዝር የሚባለው ሲሆን፣ ማን ለማን ደወለ፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ያህል ደቂቃ፣ ስልኩስ በየትኛው ማማ በኩል አለፈ የሚለውን ይይዛል። ይህን ለመረዳት ጎባ ላይ የቡና ንግድ ያላትን ሴት በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ጠዋት ጠዋት ከሐረና ጫካ ቡና ወደሚመጣበት ወደ ደሎ መና ትደውላለች፤ በሳምንት ሁለት ቀን ስልኳ በጎባ ሆስፒታል አቅራቢያ ካለው ማማ ጋር ለሰዓታት ይገናኛል፤ ማታ ማታ ከውጭ አገር ይደወልላታል፤ ሌሊቱን ስልኳ የት እንደሚያድርም ይታወቃል። አንድም ቃሏ ሳይሰማ ንግዷ፣ የጤናዋ ሁኔታ፣ ባሕር ማዶ ያለ ዘመዷና የመኝታ ቦታዋ በአንድ ገጽ ላይ ይነበባሉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ካርፔንተር በተባለው መዝገብ ላይ ፖሊስ እንዲህ ያለውን የስልክ ማማ መረጃ ለመውሰድ በመርህ ደረጃ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ያስፈልገዋል ብሎ የወሰነው፣ የስልኩ መገኛ መዝገብ የሰውን የግል ሕይወት በስፋት ይገልጣል ከሚል አስተሳሰብ ተነስቶ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶች እንዲህ ዓይነቱን የትራፊክ መረጃ ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያስቀምጡ ያስገድዳል። ግንኙነትን በቀጥታ ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ እንደሚያስፈልግ ደንግጎ፣ ቁልፍ የመሠረተ ልማት አውታር ሊጎዳ ነው የሚባልበት አጣዳፊ ሁኔታ ሲያጋጥም ግን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ያለ ትዕዛዝ ሊፈቅድ እንደሚችልና ምክንያቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ማቅረብ እንዳለበት ይገልጻል። የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎትን እንደገና ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 804/2005ም ክትትልን ከፍርድ ቤት ትዕዛዝ ጋር አያይዟል። የቀድሞው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 አንቀጽ 14 እንኳ፣ ብዙ የተወቀሰ ሕግ ቢሆንም፣ ስልክ ለመጥለፍና በሰው ቤት በድብቅ ገብቶ መሣሪያ ለመትከል የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቅ ነበር።

ይህ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ በስተኋላ በኩል የነበረው ቀዳዳ ሊስተዋል ይገባል። አንቀጽ 23 የደህንነት መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው ሪፖርት የመረጃው ምንጭና የተገኘበት ዘዴ ሳይገለጽ በማስረጃነት እንዲቀርብ ይፈቅድ ነበር። ዘዴው የማይገለጽ ከሆነ ዳኛው ንግግሩ በትዕዛዝ ይጠለፍ ወይም ያለ ትዕዛዝ እንዴት ሊያረጋግጥ ይችላል? በአንቀጽ 14 የተሠራው በር በአንቀጽ 23 በኩል ሊታለፍ የሚችል ነበር። አዋጁ በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ሲተካ ብዙዎች እፎይ ያሉት ያለ ነገር አልነበረም።

የሕጉ ቃልና ሥራው ምን ያህል እንደተራራቁ የሚያሳዩ በይፋ የታወቁ ጉዳዮች አሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ባወጣው ሰፊ ዘገባ፣ ተይዘው ለምርመራ የቀረቡ ሰዎች የተቀዳ የስልክ ንግግራቸው እንደተሰማቸውና በተለይ ወደ ውጭ አገር የደወሏቸው ጥሪዎች ዝርዝር ፊታቸው ቀርቦ እንደተጠየቁ መናገራቸውን መዝግቧል። ልጁ ወይም ወንድሙ በስደት ላለበት የባሌ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያሻውም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የታሰሩት ዞን 9 የተባለው ቡድን ጦማርያን ከቀረበባቸው ክስ ውስጥ የኢንተርኔት ግንኙነትን በምሥጢር ለመጠበቅ የሚያስችል ሥልጠና መውሰዳቸው ይገኝበት ነበር። ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 የሽብር ክሱን አልተቀበለውም፤ ቢሆንም ምሥጢርን መጠበቅ ራሱ የጥፋት ምልክት ተደርጎ መቅረቡ ከብዙ ሐተታ በላይ የጊዜውን አስተሳሰብ ያሳያል።

ክትትሉ ድንበር ሲሻገርም ታይቷል። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ የነበረው ጃዋር መሐመድ በአሜሪካ ሳለ ከመስከረም 2009 ጀምሮ በኢሜይል የስለላ ሶፍትዌር እንደተላከበት ገልጿል። የስለላ ሶፍትዌር ማለት ተራ ፋይል መስሎ ወደ ኮምፒዩተር ገብቶ የሚጻፈውን፣ የሚነገረውንና በካሜራ የሚታየውን ለላኪው የሚያስተላልፍ ፕሮግራም ነው። በዚህ ጉዳይ ፕሮግራሙ ቪዲዮ ለማየት የሚያስፈልግ ማሻሻያ መስሎ የቀረበ ሲሆን፣ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ምርት እንደሆነና ዘመቻው ከኢትዮጵያ እንደተካሄደ ጥናቱ አመልክቷል። ቀደም ሲልም በሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ኪዳኔ በሚል የብዕር ስም፣ የስካይፕ ንግግሬ ተቀድቶብኛል በማለት የኢትዮጵያን መንግሥት በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከስሶ ነበር። በዋሽንግተን ያለው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2009 መዝገቡን የዘጋው ስለላው አልተፈጸመም ብሎ አይደለም፤ ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተከናወነም፣ ስለዚህ ባዕድ መንግሥት ያለመከሰስ መብቱ ይጠበቅለታል በሚል ምክንያት ነው። ከሳሹ በስደት አገሩም የሚሰማው ዳኛ አጣ።

በዚያው 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ ከደረሰው እልቂት ስድስት ቀናት በኋላ፣ መስከረም 28፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት በአስቸኳይ ጊዜ የማይታገዱ መብቶች ተዘርዝረዋል፤ አንቀጽ 26 ግን ከእነርሱ መካከል የለበትም። ስለዚህ አዋጁን እንዲያስፈጽም የተቋቋመው ኮማንድ ፖስት ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ቤት የማስፈተሽ ሥልጣን ያገኘ ሲሆን፣ ኢሳት የተባለውን የቴሌቪዥን ጣቢያና የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክን መመልከት በመመሪያ ተከለከለ። በሮቤ ሳሎኑ ውስጥ ሪሞት ኮንትሮል ይዞ የተቀመጠ ሰው የሚመርጠው ጣቢያ የደህንነት ጉዳይ ሆነበት። አዋጁ የተነሳው ከ10 ወራት በኋላ በሐምሌ 2009 ነው።

ይህን ሁሉ ዘርዝሮ የደህንነት ስጋት የለም ብሎ መደምደም ግን ሐቀኝነት አይሆንም። በጥቅምት 2006 ኢትዮጵያ ከናይጄሪያ ጋር የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በተጫወተችበት ዕለት በቦሌ አካባቢ አንድ ቤት ውስጥ ፈንጂ ፈንድቶ ያዘጋጁት ሁለት ሰዎች ሞተዋል፤ ፈንጂው የታሰበው ለኳስ ተመልካቹ ሕዝብ እንደነበረ ተገልጿል። በሐምሌ 2014 የአልሸባብ ታጣቂዎች ከሶማሊያ ድንበር ተሻግረው ወደ ሶማሌ ክልል አፍዴር ዞን ዘልቀው ገብተው ውጊያ ተደርጓል፤ አፍዴር ደግሞ የባሌ ቆላ ጎረቤት ነው። እንዲህ ያለ ኃይል ሲመጣ የሚደዋወልበትን ስልክ መከታተል የመንግሥት መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታውም ነው፤ ይህን የማያደርግ መንግሥት ዜጎቹን ከድቷል።

ጥያቄው የሚሰበሰበው መረጃ ሁሉ ለዚህ ዓላማ ይውላል ወይ የሚለው ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘጋ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በቀጣዩ ዓመት ባወጣው የምርመራ ሪፖርት በተለያዩ የኦሮሚያ አካባቢዎች በነበረው ጥቃትና ግጭት 123 ሰዎች መሞታቸውን አረጋግጧል፤ በሪፖርቱ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው ግን ተጎጂዎች ለአካባቢው ባለሥልጣናትና ለፖሊስ ደጋግመው ስልክ ቢደውሉም የሚደርስላቸው ማጣታቸው ነው። ከበላይ ትዕዛዝ አልመጣም የሚል መልስ ያገኙም ነበሩ። እንግዲህ ያን ጊዜ የጎደለው መረጃ አልነበረም፤ ተበዳዩ ራሱ በገዛ ስልኩ መረጃውን እየሰጠ ነበር። ለደህንነት ሲባል ዜጋው የግል ሕይወቱን ቀንሶ እንዲሰጥ የሚጠይቅ መንግሥት፣ ዜጋው እርዳታ ፈልጎ ሲደውል ስልኩን የማያነሳ ከሆነ ልውውጡ ፍትሐዊ አይደለም።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ሕጎቻችን የጎደላቸው ዋነኛ ነገር ከክትትሉ በኋላ ያለው ምዕራፍ ነው። ፍርድ ቤት አስቀድሞ ይፈቅድ የሚለው ድንጋጌ አለ፤ ፈቃዱ የሚጠየቀው ግን ተከታታዩ ብቻ በተገኘበት ችሎት ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል ጉዳይ የሚታየው በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስለሆነም፣ ስለ ሮቤ ሰው የሚወሰነው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ላይ ነው። ክትትሉ አብቅቶ ሰውየው ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ይህ ተደርጎብህ ነበር ብሎ የሚነግረው አካል የለም። ያልተነገረው ሰው ደግሞ አይከስም፣ ካሣ አይጠይቅም፣ ስህተቱ እንዲታረም አያደርግም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 606 የደብዳቤና የመልእክት ምሥጢርን መድፈር የሚያስቀጣ ተግባር መሆኑ ቢደነገግም፣ መደፈሩን ለማያውቅ ሰው ይህ ድንጋጌ የማይደርስበት ነገር ነው።

ከአፍሪካ በዚህ ረገድ የተሻለ ትምህርት የሚገኘው ከደቡብ አፍሪካ ነው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በጥር 2013 ዓ.ም. አማቡንጋኔ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኝነት ማዕከልና ስልኩ ተጠልፎበት የነበረ አንድ ጋዜጠኛ ባቀረቡት ክስ ላይ ሲወስን፣ የጠለፋ ሕጉን ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ሆኖ አግኝቶታል። ከምክንያቶቹ አንዱ ሕጉ ለተጠለፈው ሰው በኋላ የማሳወቅ ግዴታ አለማስቀመጡ ነበር። ፍርድ ቤቱ ምክር ቤቱ ሕጉን እስኪያሻሽል ድረስ የጠለፋው ፈቃድ ካበቃ በኋላ በ90 ቀናት ውስጥ ለሰውየው እንዲነገረው፣ ማሳወቁ ምርመራውን የሚያበላሽ ከሆነ ደግሞ ዳኛ በየጊዜው እያየ እንዲያራዝመው አዘዘ። ከዚህ በተጨማሪ ፈቃድ ሰጪው ዳኛ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ እንዳይወስን መላ ያስፈልጋል፣ ጋዜጠኛና ጠበቃ ሲሆኑም የተለየ ጥንቃቄ ይደረግ ብሏል። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በዚህ ምክንያት ወንጀለኛን መከታተል አላቆመም።

ኢትዮጵያም በቅርቡ አንድ እርምጃ ተራምዳለች። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ተቋም ሁሉ ለምን እንደሚሰበስብ እንዲገልጽ፣ ከተፈለገው ዓላማ በላይ እንዳይወስድና በጥንቃቄ እንዲይዝ የሚያስገድድ ሲሆን፣ ተቆጣጣሪ የተደረገው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕጉ የመጣው በጊዜው ነው፤ ምክንያቱም የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ምዝገባ የ10 ጣት አሻራን፣ የሁለቱን ዓይን ምስልና የፊት ፎቶግራፍን ይወስዳል፤ የይለፍ ቃል እንደሚለወጥ ደግሞ አሻራ ሊለወጥ አይችልም። ሆኖም አዋጁ ለብሔራዊ ደህንነት ሲባል ልዩ ሁኔታዎችን ይፈቅዳል። የእነዚህ ልዩ ሁኔታዎች ስፋት በአሠራር እስኪለይ ድረስ፣ አዋጁ ከባንክና ከስልክ ድርጅት ይልቅ ለደህንነት ተቋማት ቀላል ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከዚህም በላይ የጋሬ መሪው በደብተር የሚጽፈውን ወሬ በዚህ አዋጅ መለኪያ የሚመዝነው ማን እንደሚሆን ግልጽ መደረግ ይኖርበታል።

ስለዚህ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስለ ክትትል በሚያወጣቸው ሕጎች ውስጥ ተከታትለን ጨርሰናል የሚል ማስታወቂያ ለዜጋው እንዲደርሰው የሚያስገድድ አንቀጽ ሊጨምር፣ የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያም ከቀበሌ በታች ያሉ አደረጃጀቶች የነዋሪን የግል ጉዳይ እየመዘገቡ እንዳያስተላልፉ በግልጽ ሊከለክል ይገባል። የመጀመሪያው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሁለተኛው ደግሞ ለባሌ ገበሬ ከመጀመሪያው ይልቅ የቀረበ ነው።

እስከዚያው ድረስ ማንኛውም አድማጭ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ እጅ ከፍንጅ እንደመያዝ ካሉ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ቤት ለመበርበር የፍርድ ቤት ትዕዛዝ እንዲያዝ፣ ትዕዛዙም የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ እንዲጠቅስ፣ ከተጠቀሰው ውጭ ሌላ ነገር እንዳይወሰድና ፍርድ ቤቱ ካልፈቀደ በስተቀር ብርበራው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲካሄድ ያዛል። በኪስ ያለ ስልክ ዛሬ ከቤት ይልቅ ብዙ ምሥጢር ይይዛል፤ በኬላ ላይ ስልክ ክፈት መባልም ከብርበራ ተለይቶ ሊታይ አይገባም።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ቤታችሁን ወይም ስልካችሁን ሊፈትሽ የመጣ ሰው ሲኖር ትዕዛዙን በትሕትና ጠይቃችሁ የፍርድ ቤቱን ስም፣ የሚፈለገውን ዕቃና ቀኑን አንብቡ። ትዕዛዝ ሳይኖር ከተፈተሻችሁ አትጋፉ፤ ሰዓቱን፣ የመጡት ሰዎች ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆኑና የተወሰደውን ነገር ጽፋችሁ፣ በዚያ የነበሩ ምስክሮችን ይዛችሁ፣ አቤቱታችሁን ለፍርድ ቤት፣ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ወይም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቅርቡ።